የአባታችን ፎቶዎችና ሰነዶች፦ በስካነር ወይስ በስልክ?

ከዚህ በታች የማጠቃልለው በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ የተካሄደ የጥያቄና መልስ ክር ነው። የመክፈቻው ጽሑፍ ባለቤት የባሕር ዳር ከተማ፣ የሽምብጥ አካባቢ ነዋሪ መሆኑን ጠቅሶ ይጀምራል። አባቱ ካረፉ በኋላ ከወንድሙና ከእኅቶቹ ጋር የቤቱን ሣጥን ሲከፍቱ ያገኙት የተደበላለቀ ነገር ነው፦ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የመጀመሪያ ዓመታት የቆዩ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች፣ የ1970ዎቹ ባለ ቀለም ፎቶዎች፣ ጉርድ ፎቶዎች፣ የጋብቻ ውል፣ የቤት ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የሥራ ልምድ ወረቀትና የደብዳቤ ክምር። ቤቱ ለሐይቁ ቅርብ በመሆኑ ክረምት በመጣ ቁጥር ወረቀቱ እርጥበት ይጠጣል፤ ሁለት ትልልቅ ፎቶዎችም ከክፈፋቸው መስታወት ጋር ተጣብቀዋል። ውጭ አገር የምትኖር እኅቱ ቅጂ ትጠብቃለች። እንግዲህ ሁሉንም በቤት ኮምፒውተሩ ለማስገባት ስካነር ይግዛ ወይስ ስልኩ ይበቃዋል? ስካነር ከተገዛስ ለሁሉም የሚሆነው አንድ የጥራት ልክ ስንት ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበቡ ነጥቦች) ነው? ሥራው ሲያልቅ ወረቀቱን ማስወገድ ይቻላል? ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው።

ክሩን ከዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው እንደሚያስተውለው፣ ከክርክሩ ግማሽ ያህሉ የተነሣው ለሁሉም የሚሆን አንድ ልክ ከመፈለጉ ነው። ፎቶውና ሰነዱ በአንድ ሣጥን ስለተገኙ አንድ ሥራ መስለው ቀረቡ። መላሾቹም ገሚሱ ፎቶ፣ ገሚሱ ሰነድ በልቡ ይዞ ስለጻፈ፣ ብዙዎቹ የተከራከሩት ሌላው ሰው ስላላነሣው ጉዳይ ነበር።

1ኛው ምላሽ ነፍስ ይማር በማለት ሐዘኑን ገልጾ፣ ስልክ ይበቃል ወደሚል ሐሳብ ያመራል። የእናቱን አልበም የገለበጠው እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የጉግል ፎቶስካን መሆኑን ይነግረናል። ፕሮግራሙ አንዱን ፎቶ ከተለያየ አቅጣጫ ደጋግሞ ያነሣውና፣ ከየምስሉ ነጸብራቅ ያላረፈበትን ክፍል እየመረጠ አንድ ያደርገዋል። መላሹ ፎቶዎቹን ከአልበሙ ሳያወጣ ሥራውን መጨረሱን እንደ ትልቅ ጥቅም ይቆጥረዋል። ጥቅምነቱም እውነት ነው፤ የሙጫ ገጽ ካለው አልበም ፎቶን መንቀል ብዙ ጊዜ የፎቶውን ጀርባ ገሽልጦ ያስቀራል።

የ2ኛው ምላሽ ጸሐፊ በፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ለረጅም ዘመን እንደሠሩ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ጠያቂውን ልጄ እያሉ፣ ስልክን እንደማይንቁት ነገር ግን እንደማያምኑት ያስረዳሉ፦ የስልክ ሌንስ የፎቶውን ጠርዝ ያጎብጠዋል፣ የክፍሉ መብራት አንዱን ጎን ያጠቁረዋል፣ ስልኩም በራሱ ፈቃድ ምስሉን ያሳምረዋል። ስካነር ግን መብራቱንም ርቀቱንም ይዞ ስለሚመጣ፣ የመጀመሪያው ፎቶና የመጨረሻው በአንድ ዓይነት ሁኔታ ይነበባሉ። ከዚያ ዲፒአይ ማለት በአንድ ኢንች ርዝመት ላይ የሚነበቡ ነጥቦች ቁጥር እንደሆነ አስረድተው፣ ተራ የታተመ ፎቶ ብዙውን ጊዜ ከ300 ዲፒአይ የበለጠ ዝርዝር በውስጡ እንደማይዝ፣ አስፍቶ ማተም ለሚያስብ ሰው 600 እንደሚበቃ ይጽፋሉ። ስለ 1970ዎቹ ባለ ቀለም ፎቶዎችም የሚሉት አላቸው። በዚያ ዘመን ወረቀት ላይ ሰማያዊ አረንጓዴው ቀለም ከሌሎቹ ቀድሞ ስለሚደበዝዝ ፎቶው ወደ ቀይ ያደላል። ማረሚያው በኮምፒውተር ላይ አለ፤ እርማቱ ግን በቅጂው ላይ ይሠራ እንጂ መጀመሪያ የተነበበው ፋይል አይነካ ይላሉ።

3ኛው ምላሽ አጭር ነው፦ የማከማቻ ዋጋ ስለረከሰ ሁሉም ነገር በ1200 ዲፒአይ ይነበብ፣ የማይፈለገውን በኋላ ማሳነስ ይቻላል። ይህች አጭር ምላሽ የክሩን የመጀመሪያ ጠብ አስነሣች።

4ኛው መላሽ፣ ከአነጋገሩ የሒሳብ መምህር ይመስላል፣ ቁጥሩን ዘርዝሮ አስቀመጠው። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፎቶ በ300 ዲፒአይ ሲነበብ ሳይጨመቅ ወደ 6 ሜጋባይት ይሆናል፤ በ600 ወደ 25፤ በ1200 ደግሞ ወደ 100 ሜጋባይት። ዲፒአዩ እጥፍ ሲሆን ፋይሉ አራት እጥፍ ያድጋል ማለት ነው። 1,000 ፎቶ በ600 ዲፒአይ 25 ጊጋባይት ሲይዝ በ1200 ግን 100 ጊጋባይት ይይዛል፤ ጉግል በነጻ የሚሰጠው ቦታ 15 ጊጋባይት ብቻ ነው። የማከማቻው ዋጋ ቢረክስ እንኳ፣ በ1200 አንድ ፎቶ ለማንበብ የሚፈጀውን ጊዜ በሣጥኑ ብዛት አባዝቶ ማየት ያስፈልጋል ብሎ፣ ሳያሰሉ መምከር ሰውን ማድከም ነው በሚል ኃይለ ቃል ይደመድማል። እዚህ ላይ የእኔ ፍርድ ከ4ኛው ጋር ነው፤ ቃሉን ግን ማለዘብ ይችል ነበር።

5ኛው ምላሽ ሁለቱንም አስታርቋል። ጉርድ ፎቶ ላይ 3ኛው መላሽ ትክክል ነው፤ 3 በ4 ሳንቲ ሜትር የሆነች ፎቶ በ300 ዲፒአይ ብትነበብ 354 በ472 ነጥብ ብቻ ነው የምትሰጠው፣ ይህም አስፍቶ ለማተም አይሆንም። ብዙ ቤተሰብ ደግሞ ከአያቶቹ መልክ ያለው ቅሪት ከመታወቂያ የተነቀለች አንዲት ጉርድ ፎቶ ብቻ ናት። ስለዚህ ልኩ የሚወሰነው ወረቀቱ ምን ያህል እንደሆነና ለምን እንደተፈለገ ታይቶ ነው። በዚያው ምላሽ ላይ የታከለ ማስጠንቀቂያም አለ፦ በስካነር ካርቶን ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር አንዳንድ ጊዜ መሣሪያው በእውነት የሚያነበው ሳይሆን ፕሮግራሙ በግምት የሚሞላው ነው። መታየት ያለበት የኦፕቲካል ልክ ተብሎ የተጻፈው ነው።

እስከዚህ ድረስ ስለ ሰነድ አንድ ቃል ያነሣ የለም። ይህንን ያስተዋሉት የ6ኛው ምላሽ ጸሐፊ ናቸው፤ በመዝገብ ቤት ሥራ ያሳለፉ ሴት መሆናቸውን ይገልጻሉ። በእኔ አስተያየት የክሩ ምርጥ ምላሽ ይህ ነው። ለፎቶ የሚጠየቀው መልኩ ምን ያህል ተጠብቋል የሚለው ሲሆን፣ ለሰነድ የሚጠየቀው ይነበባል ወይ፣ ተፈልጎ ይገኛል ወይ የሚለው ነው። ስለዚህ ለኤ4 ወረቀት 300 ዲፒአይ ይበቃል። የሚያሳስባቸው ሌላ ነገር ነው፦ ብዙ ሰው ሰነድ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ብሎ ስካነሩን በጥቁርና ነጭ ያዘዋል፤ ያን ጊዜ በፊርማው ላይ ያረፈው ሐምራዊ ማህተም ወይ ጠፍቶ ይቀራል ወይ ከፊርማው ጋር ተዋሕዶ ጥቁር እብጠት ይሆናል። በቀይ ስክሪብቶ የተጻፈ የመዝገብ ቁጥርም እንደዚሁ። ማህተም፣ ፊርማ ወይም ቴምብር ያለበት ወረቀት ሁሉ በቀለም ይነበብ። የጀርባው ገጽ ባዶ ቢመስልም ይነበብ፤ የቀድሞ ጸሐፊዎች የመዝገብ ቁጥርና የተረካቢ ስም የሚጽፉት ከጀርባ ነበርና። አንድ ውል ስድስት ገጽ ቢሆን ስድስት ምስል ሳይሆን አንድ ፒዲኤፍ ይሁን። ላሚኔት የተደረገ ሰነድ ቢያብለጨልጭም ከፕላስቲኩ ለማውጣት አይሞከር፤ ቀለሙ ከፕላስቲኩ ጋር ተነሥቶ ይቀራል።

7ኛው ምላሽ ተፈልጎ ይገኛል የሚለውን ሐሳብ ይዞ ወደ ኦሲአር ገባ፤ ማለትም ኮምፒውተሩ ከምስሉ ላይ ፊደሉን አንብቦ ወደ ጽሑፍ እንዲለውጠው ማድረግ ነው። ናፕስ ቱ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ስካን ያደርጋል፣ ገጾችን በአንድ ፒዲኤፍ ያስራል፣ ቴሴራክት በተባለው አንባቢ አማካይነትም የአማርኛ ጽሑፍ ያነባል። ጸሐፊው ደስታው ከልክ አልፎ፣ የሣጥኑ ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ቀን ወደ ጽሑፍ እንደሚለወጥ ተስፋ ይሰጣል።

8ኛው መላሽ ያንን ተስፋ በትሕትና ቀነሰው። ቴሴራክት በኮምፒውተር የተጻፈና ጥርት ብሎ የታተመ አማርኛን ደህና አድርጎ ያነባል፤ የእጅ ጽሑፍን ግን አያነብም፤ ደብዳቤዎቹ ደግሞ የእጅ ጽሑፍ መሆናቸው አይቀርም። በአማርኛ የጽሕፈት መኪና የተመታ ወረቀትም ያስቸግረዋል፤ ፊደሉና ቅጥያው በየተራ ስለሚመቱ ብዙ ጊዜ ተለያይተው ወይም ተደራርበው ይታያሉ። በካርቦን የተገለበጠው ሁለተኛ ቅጂ ከሆነማ አይነሣ። መፍትሔ ብሎ ያቀረበው ቀላል ነው፦ የሰነዱን ዓይነት፣ የባለቤቱን ስምና ዓመቱን በፋይሉ ስም ላይ በእጅ መጻፍ። ይህን ያደረገ ሰው ኦሲአር ባይኖረውም የቤቱን ካርታ ፈልጎ ያገኛል።

9ኛው ምላሽ ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ተሻገረ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መረጃ ሕጋዊ ዕውቅና ስለሰጠ፣ ስካን የተደረገ ወረቀት ከተቀመጠ ዋናውን መጣል ይቻላል፣ ቤትም ይጸዳል የሚል ነው።

10ኛው ምላሽ በቁጣ የተጻፈ ነው። 9ኛው መላሽ አዋጁን ርእሱን ብቻ አንብቦ ነው የጠቀሰው ይላል። ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ዕውቅና መስጠት አንድ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ያነበበውን የካርታ ምስል ዋና ሰነድ አያደርገውም። ማንኛውም ጉዳይ ፈጻሚ ቅጂን የሚቀበለው ከዋናው ጋር አመሳክሮ ነው፤ ዋናው ከሌለ የሚመሳከር ነገር የለም። በዚህ ምክር ካርታውን ያቃጠለ ቤተሰብ ቢኖር ተጠያቂው ማን ነው ብሎም ይጠይቃል። 6ኛዋ ጸሐፊ ተመልሰው ገብተው፣ በ11ኛው ምላሽ፣ ነገሩን አረጋጉት፦ ዋናው በደረቅ ቦታ፣ በፖስታ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ስካኑ የሚጠቅመው ዋናው ቢጠፋ ምን ይል እንደነበርና ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ለማወቅ፣ ምትክ ለመጠየቅም መነሻ እንዲሆን ነው። የተጠየቀው ስለ ወረቀት ሁሉ ከሆነ፣ ከሣጥኑ ውስጥ ያለ ጥርጥር ሊወገድ የሚችለው ምናልባት የድሮ የመብራት ደረሰኝ ይሆናል።

በ12ኛው ላይ አንድ ሰው የደረሰበትን ያወጋል። ስካነር ስላልነበረው የእናቱን የይዞታ ደብተርና መታወቂያ ይዞ ወደ አንድ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ስካን አስደረገ፤ ፋይሉ በፍላሽ ተሰጠው፤ ከጊዜ በኋላ ለሌላ ጉዳይ ሲመለስ የእናቱ መታወቂያ በዚያው ኮምፒውተር ዴስክቶፕ ላይ ለማንም ተገልጦ አየው። በፍላሹም ቫይረስ ገብቶ ነበር። ለአንድ ሁለት ወረቀት ካልሆነ በቀር ይህን መሰል ሥራ ቤት ውስጥ መሥራት ይሻላል የሚለው መደምደሚያው ከማንም ተቃውሞ አልገጠመውም። እግረ መንገዱንም ስካን አስደርጎ የሚወጣ ሰው ፋይሉን አስጠፍቶ፣ ከቆሻሻ መጣያውም አስወጥቶ ይሂድ ብሏል።

13ኛው መላሽ የትኛው ዓይነት ስካነር ይገዛ የሚለውን አነሣ፤ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ነው። በቤት ስካነሮች ውስጥ ሁለት ዓይነት አንባቢ አለ። አንደኛው ሲአይኤስ የሚባለው ሲሆን፣ ቀጭን፣ ቀላል፣ ርካሽ ነው፤ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ የተቀመጠውን ብቻ ነው አጥርቶ የሚያየው፤ ትንሽ ከፍ ያለው ይደበዝዝበታል። የካነን ላይድ ስካነሮች ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ሲሲዲ ነው፤ እንደ ኤፕሰን ቪ600 ያለው ወፍራምና ውድ ሲሆን፣ የተጠቀለለ ፎቶንም የመጽሐፍ መሐል እጥፋትንም ያያል። ክዳኑ ውስጥ መብራት ስላለው ኔጋቲቭም፣ ማለትም ፎቶው የታተመበትን ፊልም፣ ያነባል። ጠያቂው በሣጥኑ ውስጥ ኔጋቲቭ ካለ ሳይንቅ ይፈልገው፤ ከታተመው ፎቶ ይልቅ ዝርዝሩ ያለው እዚያ ነው፤ በ2400 ዲፒአይ ይነበብ። ይሁን እንጂ አቧራን በራሱ ያጠፋል የተባለው የኢንፍራሬድ ዘዴ በጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ላይ አይሠራም፤ የብሩ ቅንጣት ራሱ ጨረሩን ስለሚከለክል ፕሮግራሙ ምስሉን አቧራ ነው ብሎ ያበላሸዋል። ያገለገለ ስካነር ለሚገዛም ምክር አለው፦ ለ32 ቢት ዊንዶውስ የተሠራ አሮጌ ድራይቨር (ስካነሩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) በ64 ቢቱ ላይ አይሠራም፤ እንደ ቪውስካን ያለ ፕሮግራም አንዳንዱን ያስነሣዋል፣ ሁሉንም ግን አይደለም።

14ኛው ምላሽ ለባሕር ዳር ሰው ሲአይኤሱን የሚያስመርጠው ሌላ ምክንያት አለ አለ፦ ኃይሉን ከኮምፒውተሩ የዩኤስቢ ገመድ ስለሚወስድ፣ መብራት ቢጠፋም ላፕቶፕ ላለው ሰው ሥራው አይቋረጥም። ሲሲዲው ግን ሶኬት ይፈልጋል። ከዚህ በኋላ ክሩ ከመንገዱ ወጣ። 15ኛው መላሽ ጢስ ዓባይ በአንድ በኩል፣ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ በሌላ በኩል እያሉ እኛ ስለ ባትሪ እንመካከራለን ብሎ ቀለደ። 16ኛው በቀልዱ ላይ ምሬት ጨመረበት፤ 17ኛው የስታብላይዘር ማስታወቂያ የመሰለ ነገር ለጠፈ። 18ኛው ደግሞ ጠያቂውን አንተ እያለ፣ ቤትህን ለምን ከሐይቁ አታርቅም ዓይነት ፌዝ ጻፈ። በ19ኛው ላይ የፎቶ ቤቱ አዛውንት ተቈጥተው፣ ሐዘንተኛን በፌዝ ማነጋገር ከየት የመጣ ልማድ ነው፣ ዕድሜውን ለማታውቁት ሰው እርስዎ ማለትስ ምን ያስወጣችኋል ሲሉ ገሠጹ። ፌዘኛው ይቅርታ አልጠየቀም፣ ግን ዳግመኛም አልጻፈም።

20ኛው ምላሽ ከመስታወት ጋር ስለተጣበቁት ፎቶዎች ነው፤ እስከዚህ ድረስ ሁሉም ዘሎት ነበር። ፎቶውን ከነመስታወቱ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ቢዘፈዝፉት ራሱ ይለቃል፣ አጎቱ እንዲህ አድርጎ አውጥቶአል የሚል ነው።

21ኛው ይህን በጥብቅ ተቃወመ። የፎቶው ምስል የተያዘው ጄላቲን በተባለ ሙጫ መሰል ስስ ሽፋን ውስጥ ነው፤ ጄላቲን እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና ይለሰልሳል፣ ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀውም በዚሁ ባሕርዩ ነው። ውኃ ጥሩ ይዞታ ያለውን ፎቶ ሊያላቅቅ ይችላል፤ የአጎቱም ፎቶ ከዚያ ዓይነት ይሆናል። ሻጋታ የበላው ጄላቲን ግን በውኃ ውስጥ ይሟሟል፣ ምስሉም አብሮ ይሄዳል። በጀርባው በቀለም የተጻፈ ስምና ቀን ካለም ይታጠባል፤ በኢንክጄት የታተመ ከሆነ ደግሞ የሚተርፍ ነገር የለም። ስለዚህ ማንም ውኃ ከማሰቡ በፊት ፎቶውን ከነመስታወቱ ይገልብጠው።

እንዴት ይገለበጣል ለሚለው 22ኛው መላሽ ከ13ኛው ጋር አያይዞ መለሰ፤ የክሩ ቁጥሮች እርስ በርስ የተጠቃቀሙት እዚህ ላይ ነው። በሲአይኤስ ስካነር ላይ ቢቀመጥ የክፈፉ መስታወት ውፍረት ፎቶውን ከስካነሩ ገጽ ስለሚያርቀው ይደበዝዛል። ሲሲዲ ያለው ሰው ክፈፉን አውጥቶ፣ የመስታወቱን ፊት ወልውሎ ያስቀምጠው። ሲሲዲ የሌለው ካሜራ ወይም ስልክ ይጠቀም፦ ፎቶው በጥላ ውስጥ፣ ከመስኮት በሚገባ የቀን ብርሃን፣ ፍላሽ ሳይበራ፣ በካሜራው ትይዩ ጥቁር ጨርቅ ተዘርግቶ ነጸብራቁ እንዲጠፋ ተደርጎ ይነሣ። እዚህ ላይ የ1ኛው ምላሽ ስልክ ቦታውን አገኘ። ሻጋታ ያለባቸውን ፎቶዎች በተመለከተም ከሌሎቹ ጋር በአንድ ፖስታ እንዳይቀመጡ፣ በፀሐይም እንዳይሰጡ፣ ይልቁን ነፋስ በሚያገኝ ጥላ እንዲደርቁና ዱቄቱ ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ እንዲራገፍ ይመክራል። ለዚህ ሥራ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ከክረምቱ ይሻላል።

በ23ኛው ላይ ከዘጌ በኩል የጻፈ ሰው ከአያቱ የወረሰውን የብራና ዳዊት በዚሁ ዓይነት ስካን ማድረግ ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ነገሩ ከርእሱ የወጣ ቢሆንም በሐይቁ ዳርቻ ብዙ ሰው የሚገጥመው ጥያቄ ነው። 24ኛው መላሽ በፍጹም አይሞከር አለ፦ ብራና በስካነር ክዳን ሲጫኑት ጀርባው ይሰነጠቃል፣ ቀለሙም ይፈነቀላል፤ መጽሐፉ ከ90 እስከ 100 ዲግሪ ያህል ብቻ ተከፍቶ፣ በሁለቱም ወገን ተደግፎ፣ ከላይ በካሜራ ገጽ በገጽ ይነሣ። ለማስረጃም የጣና ገዳማትን መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1968 የኢትዮጵያ ጥናት ምሁሩ ኤርንስት ሐመርሽሚት በማይክሮፊልም ሲያነሡ፣ ከ1973 ጀምሮም በአገር አቀፍ ደረጃ የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ሲካሄድ የተሠራው በካሜራ እንደነበር ጠቀሰ። 25ኛው ምላሽ ወደ ገዳማቱ መጻሕፍት ታሪክ ሊገባ ሲል፣ ጠያቂው ራሱ ወደ ሣጥኑ እንመለስ ሲል ለመነ።

ሲመለሱ የመጣው የቀን ጉዳይ ነው። 26ኛው መላሽ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ፋይል የሚሰጠው ቀን ስካን የተደረገበት ቀን ስለሆነ፣ ፎቶዎቹ ሁሉ ዘንድሮ የተነሡ ይመስላሉ አለ። መፍትሔው የፋይሉን ስም በዓመት፣ በወርና በቀን ቅደም ተከተል መጀመር ነው፤ እንዲህ ሲደረግ ኮምፒውተሩ ራሱ በዘመን ይደረድራቸዋል። ታዲያ በየትኛው አቆጣጠር? የፎቶዎቹ ጀርባ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ነው፣ እኅትየው ያለችበት አገር ደግሞ በሌላው ይቆጥራል። ጸሐፊው ሁለቱንም ጎን ለጎን መጻፍ ይሻላል ብሎ ምሳሌ ሰጠ፦ በጥር 11 ቀን 1972 ዓ.ም. ጥምቀት የተነሣ ፎቶ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 1980 ተብሎ ይመዘገባል።

27ኛው ምላሽ ምሳሌውን አረመ። 1971 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ሆናለች፤ ስለዚህ የ1972 መስከረም 1 የዋለው በሴፕቴምበር 12 ነው፣ ጥምቀቱም በጃንዋሪ 20። በየአራት ዓመቱ በዘመነ ዮሐንስ እንዲህ ያለ የአንድ ቀን ፈረቃ አለ፤ ከመስከረም እስከ የካቲት መጨረሻ ገደማ ይዘልቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው መዝገብ በጀርባው እንደተጻፈው ይሁን፣ ልወጣው ከዚያ በኋላ ይሠራ። ጀርባው ላይ ዓመት ብቻ ከተገኘም ወሩን ፈጥሮ መሙላት ነውር ነው። አራሚው ጨዋ ነበር፣ ታራሚውም አመስግኖ አለፈ፤ ከዚህ ክር ይህን መሰል መተራረም ያየሁት በዚህ ቦታ ብቻ ነው። 28ኛው መላሽ ይህንኑ አስፍቶ፣ የፎቶው ጀርባ ጽሑፍ ካለበት እሱም ይነበብና የፊቱን ስም ይዞ መጨረሻው ላይ ጀርባ የሚል ይጨመርበት አለ። በፎቶው ያሉትን ሰዎች ከግራ ወደ ቀኝ መዘርዘር ደግሞ የቤቱ ትልልቅ ሰዎች በተሰበሰቡበት ይሠራ፤ አንዱ የዘነጋውን ሌላው ያስታውሳልና።

ስለ ፋይል ዓይነት የተጻፉት 29ኛውና 30ኛው ምላሾች በአጭሩ ሊነገሩ ይችላሉ። ጄፔግ በተከፈተና በተስተካከለ ቁጥር እንደገና ሲቀመጥ ከመልኩ ይቀንሳል፤ ቲፍ አይቀንስም፣ ቦታ ግን ይፈጃል። የፎቶው ዋና ፋይል በቲፍ፣ ለቤተሰብ የሚሰራጨው በጄፔግ፣ ሰነዱ በፒዲኤፍ ይሁን በሚለው ሁለቱም ተስማሙ። ለእኅትየው በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ስለሚያሳንሰው በ600 ዲፒአይ የተደከመበት ሁሉ መንገድ ላይ ይቀራል።

31ኛው መላሽ ስለ መጠባበቂያ ቅጂ የተለመደውን የሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ደንብ አስታወሰ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቤቱ ውጭ። እኅትየው ራሷ ያቺ ከቤት ውጭ ያለች ቅጂ ልትሆን እንደምትችል ማንሣቱ ብልህነት ነው። መታወቂያና ካርታ ግን በደመና ማከማቻ ላይ ያለ ይለፍ ቃል እንዳይቀመጡ አሳስቧል።

በ32ኛው ላይ ጠያቂው ውሳኔውን አሳወቀ። ሣጥኑን መጀመሪያ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ሰነዶቹ ይቀድማሉ፤ ለእነሱና ለአብዛኛው ፎቶ ከዩኤስቢ የሚሠራ ሲአይኤስ ስካነር ይገዛል፤ ሰነድ በ300 በቀለም፣ ፎቶ በ600፣ ጉርድ ፎቶ በ1200 ይነበባል። የተጣበቁትን ሁለት ፎቶዎች ለጊዜው በስልክ አንሥቶ፣ ሲሲዲ ስካነር ያለው ሰው እስኪያገኝ ከነክፈፋቸው ያቆያቸዋል። ኔጋቲቭም በአንድ የብስኩት ጣሳ ውስጥ ማግኘቱን ጨምሯል። የፎቶ ቤቱ አዛውንት በ33ኛው ላይ ኔጋቲቩን በጣት እንዳይነካ፣ በጠርዙ ብቻ እንዲይዘው፣ ጣሳው ሲከፈት የኮምጣጤ ሽታ ከወጣም ፊልሙ መበላሸት ስለጀመረ ከሌላው ሁሉ በፊት እንዲያስነብበው ነገሩት።

34ኛው ምላሽ በሣጥኑ ውስጥ የድምፅ ካሴት ቢገኝስ ምን ይደረጋል የሚል ነበር፤ ለእሱ አዲስ ክር እንዲከፈት ተጠይቆ ይህኛው ተዘጋ።